እግርህን ከፍሬኑ ላይ አንሳ

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጭነት መኪና ሾፌርነት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ፣ መንጃ ፈቃዴን በደረት ኪሴ ይዤ ስምሪት ክፍል ቀረብኩ። ከዚያ በፊት የሰው መኪና እየነዳሁ በሜዳው መንገድ ሶዶ ስመላለስ ስለነበር ራሴን አቻ የሌለው ሾፌር አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

የስምሪት ኃላፊው አቶ ደምሴ ቀና ብለውም አላዩኝ።

«ጨንቻ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«በመኪና?»

«በእግሬ።»

«በእግርማ ፍየሉም ይወጣል» አሉና በመስኮቱ ተጣሩ። «ጋሽ አንጁሎ! ይሄን ልጅ ይዘውት ይውጡ። መኪናዋን በሰላም ከመለሳት ቀጥሬዋለሁ።»

ጋሽ አንጁሎ የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ሾፌር ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የአርባ ምንጭ ሙቀት ቢያነድም የሱፍ ኮፍያቸውን የማያወልቁ የዶርዜ ሰው። አማርኛ የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ወንድና ሴት አንዳንዴ ይደባለቅባቸዋል። ያን ዕለትም የጋቢናውን በር ከፍተው «ነይ ግቢ» አሉኝ። እኔም ጋሞ ነኝ፣ ግን እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ የከተማ ልጅ ስለነበርኩ ሳቄ መጣ። ሳቄን የዋጥኩት ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው።

መኪናዋ አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረች። ማዳበሪያ ጭነን ወጣን። ዳገቱ አላስቸገረኝም። ዳገት ጉልበት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ያን ደግሞ ሞተሩ አያጣም። ጨንቻ አራግፈን፣ ገብስና ድንች ጭነን ስንመለስም መሪውን ለእኔው ተዉልኝ።

ከዶርዜ በታች መንገዱ ወደ ታች ይወረወራል። በአንዱ በኩል ገደል፣ በሌላው ተራራ፣ ከሥር ደግሞ አባያ ሐይቅ ተዘርግቶ ይታያል። እግሬን ፍሬኑ ላይ ጣልኩና እንደረገጥኩ ቀረሁ። ጥቂት እንደሄድን የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፤ እንዳልሸተተው ሰው ዝም አልኩ።

«ቁም» አሉኝ።

ወርደው ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረጉ። ከዚያ ከኮዳቸው ትንሽ ውሃ የኋላ ጎማው ብረት ላይ ጠብ ሲያደርጉ ቺስ ብሎ ጨሰ።

«ምን ይሸታል?»

«ፍሬን።»

«የፍሬኑ ሸራ ነው የሚነደው። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ስትረግጥ ባዶ ይሆንብህ ነበር። እኔንና አንተን እታች ላንቴ ሜዳ፣ ሙዝ እርሻ ውስጥ ነበር የሚለቅሙን።»

ብረቱ እስኪበርድ መንገድ ዳር ተቀምጠን አስተማሩኝ። ፍሬን ለማቆም ነው እንጂ ለመሸከም አልተሠራም። ቁልቁለት ላይ መኪናዋን የሚሸከማት ሞተሩ ነው። ማርሹን የምትመርጠው ከላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። መሃል ላይ ልቀይር ብትል እንቢ ይልህና ዜሮ ላይ፣ ባዶ ማርሽ ላይ ትቀራለህ። ሁለተኛ አስገባና እግርህን አንሳ፤ መታጠፊያ ላይ ብቻ ነካ አድርገህ ልቀቅ።

«ብትሮጥብኝስ?» አልኳቸው።

«አትሮጥም። ተይዛለች።»

እናንተ የዛሬ ሾፌሮች ይሄ ቀላል ይመስላችሁ ይሆናል። ያን ሁሉ ጭነት ይዞ ገደል አፋፍ ላይ እግር ማንሳት ጨዋታ አይደለም። ጭንቅላቴ ተረድቶታል፣ እግሬ ግን አላመነም። ሞተሩ እያጓራ መኪናዋን ይዞ ሲያወርዳት ጉልበቴ እስከ ላንቴ ሜዳ ድረስ ተንቀጠቀጠ። በሰላም ገባን፤ ተቀጠርኩ።

ጋሽ አንጁሎ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ያቆማሉ። ያን ኮፍያ ያወልቃሉ። «ጌታ ኢየሱስ፣ ያዘን» ይላሉ፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ይወርዳሉ። ጸሎታቸው ይኸው ነው። እኔ የአማኝ ቤት ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት ጸሎት እራቱ እስኪቀዘቅዝ ነበር የሚጸለየው። ይቺ አጭር ጸሎት አላጠግብ ብላኝ አንድ ቀን ነገር ፈለግኳቸው።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ለመሆኑ የሚይዘን ጌታ ነው ወይስ ሁለተኛ ማርሽ?»

ኮፍያቸውን እያጠለቁ «ማርሹ ለመኪናዋ ነው» አሉ። «እኔን ማን ይያዘኝ? ልጄን ስቀብር ሁለተኛ ማርሽ አልነበረኝም።»

ልጅ መቅበራቸውን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጸሎት ቀልጄ አላውቅም።

ባለቤቴን አስናቀችን ያገኘኋት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ናት። አባቷ የሠሩትን ጋቢ ይዛ ወደ ሲቀላ ገበያ ልትወርድ መንገድ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«የመንግሥት መኪና ሰው አይጭንም» አልኳት።

«ሰው ነኝ ማን አለህ? ዕቃ ነኝ» አለችና የጋቢናውን በር ራሷ ከፈተችው። እንዲህ ያለች ሴት ናት። በዓመቱ ተጋባን።

ልጅ አልወለድንም፤ ቤታችን ግን ሳቅ አያጣም ነበር። የመጀመሪያ ቀኔን ታሪክ ካጫወትኳት በኋላ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አስደግማኛለች። የእኔን እግር መንቀጥቀጥ ተነስታ በራሷ እግር ታሳያለች። ወጥ ሲያርባት እንኳ እኔን በጎን እያየች «ፍሬን ሸተተኝ» ትላለች።

ከዚያ ታመመች። መጀመሪያ ጎኗን ወጋት፤ ቀጥሎ ምግብ አልወርድ አላት፤ ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ጉበቷ ላይ ዕጢ እንዳለና እንደማይድን ነገረኝ። ቤቷ ወስደህ ተንከባከባት አለኝ።

እኔ ግን እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ወገቤን አስሬ ተነሳሁ። አቶ ደምሴን ለምኜ የሶዶና የአዲስ አበባ ስምሪት ሁሉ ለእኔ እንዲሆን አደረግሁ፤ በሄድኩበት መድኃኒት እፈልጋለሁ። እሷንም አዲስ አበባ ወሰድኳት፤ እዚያም ያሉት ያንኑ ነው። ሥር የሚምስ ሰው አለ ሲሉኝ ደጋ ወጣሁ። ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ጋ አንድ የሚያውቅ አለ ሲሉኝ ወረድኩ። ከመኪና ስወርድ እግሬ መሬቱን አያምነውም ነበር።

«ማቴዎስ፣ ሰው ነህ ወይስ ባትሪ?» አሉኝ አንድ ቀን አቶ ደምሴ። «ሂድና ከሚስትህ ጋር ተቀመጥ እንጂ።»

«ከተቀመጥኩ ትሞታለች» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው።

ጸሎቱንም ሥራ አደረግኩት። የጾምኩት ጾም ካልበቃ እጨምራለሁ፤ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ እንበረከካለሁ። በርትቼ ከጸለይኩ እንደምትድን፣ ከሰነፍኩ ግን በእኔ ስንፍና እንደምትሞት ነበር የማስበው። የማምነው ኢየሱስን ይምሰለኝ እንጂ ያመንኩት የራሴን ጉልበት ነበር። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና በዓይኗ ትከተለኛለች። «ና እስቲ አጠገቤ ተቀመጥ» ትለኛለች፤ «መጣሁ» ብዬ እወጣለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ እናቷን ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እናቷ አርጅተዋል፤ ከዶርዜ መውረድ አይችሉም። አቶ ደምሴን ሳስፈቅዳቸው ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው «ዕቃ ነው የጫንከው፤ እኔ ምንም አላየሁም» አሉ። ጋቢናው ውስጥ ፍራሽ አንጥፌላት ወጣን። ከእናቷ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲላቀሱ ዋሉ። ሁለቱም የመጨረሻቸው መሆኑን ያውቁ ነበር። እኔ ግን ደጅ ቆሜ የሥር ማሹን ሰውዬ አቅጣጫ እጠይቅ ነበር።

ስንመለስ ቁልቁለቱን ጀመርን። መንገዱ በዝናብ ተቦርቡሯል። መኪናዋ በነጠረች ቁጥር አስናቀች ታቃስታለች። ያን ድምፅ የምችልበት አንጀት አልነበረኝም። እንዳያነጥራት ብዬ ፍሬን ያዝኩ። በድጋሚ ያዝኩ። ሳላውቀው እግሬ እዚያው ላይ ቀረ። ስንት ዓመት የወረድኩበትን መንገድ እንደ መጀመሪያ ቀኔ ነዳሁት።

ዓይኗን ጨፍና ነበር። እንደጨፈነች በቀስታ «ፍሬን ሸተተኝ» አለች።

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ለእኔም ሸተተኝ። አቁሜ ወረድኩ፤ ታኮ አደረግሁ። ብረቱ እስኪበርድ ልጠብቅ ስል ደግፌ እንዳወርዳት ጠየቀችኝ። ሣሩ ላይ ጋቢ አንጥፌ አስቀመጥኳት። አባያና ጫሞ ሁለቱም ፊታችን ነበሩ። ከታመመች ወዲህ እጄን አጣጥፌ አጠገቧ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም ፍሬኑ ስለነደደ።

«ይሄ ሽታ ቤት ውስጥም አለ» አለችኝ።

«የምን ሽታ?»

«ከታመምኩ ጀምሮ ይሸተኛል። አንተ እየነደድክ ነው፣ ማቴዎስ።»

ዓይኔን ወደ ጎማው አዞርኩ።

«እኔን ልትሸከመኝ ነው የምትታገለው። አትችለኝም። ቁልቁለት ላይ ነኝ፤ አንተ ብትረግጥም አልቆምም።» ትንፋሿ እስኪመለስ አረፈች። «ደግሞ ባዶ ማርሽ ላይ ያለሁ አይምሰልህ። ጌታ ኢየሱስ ይዞኛል። እግርህን አንሳ።»

«ብለቅሽ ትሄጂብኛለሽ።»

«ብትይዘኝም እሄዳለሁ። ብትለቀኝ ግን አብረኸኝ ትወርዳለህ።»

እዚያ መንገድ ዳር እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ገብስ የተሸከሙ ሴቶች በአጠገባችን ሲያልፉ በጋሞኛ «አይዞህ» እያሉኝ ሄዱ። ብረቱ ከበረደ ቆይቶ ነበር፤ አልተነሳንም።

በማግስቱ አቶ ደምሴ የአዲስ አበባ ስምሪት እንዳለ ነገሩኝ። «ይቅርብኝ፤ ፈቃድ ይስጡኝ» አልኳቸው። ወዲያው ፈረሙልኝ።

የቀሩትን ቀናት ከአጠገቧ አልተነሳሁም። ፀጉሯን አጠብኩላት። የጫሞ ዓሣ መረቅ አማራት፤ ሁለት ማንኪያ ጠጥታ ተወችው። ታሪኬን አስደገመችኝ፤ የእግሩ መንቀጥቀጥ ጋ ስደርስ ተነስታ ማሳየት ስላልቻለች ጣቶቿን ብርድ ልብሱ ላይ አንቀጠቀጠች። ማታ ስንጸልይ እጇን ይዤ «ጌታ ኢየሱስ፣ ያዘን» ብቻ እል ነበር። ከዚያ በላይ ጉልበት አልነበረኝም፤ ከዚያ በላይም አላስፈለገንም።

ዳነች ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ። አልዳነችም። አንድ ከሰዓት በኋላ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ ትንፋሿ ቆመ። ቤቱ ዝም አለ። ዛሬም ድረስ ያ ዝምታ አልለቀቀኝም።

የተቀበረችው ዶርዜ ነው። አቶ ደምሴ መኪናዋን ሰጡን። ያን ጊዜ ጡረታ የወጡት ጋሽ አንጁሎ መጥተው ሬሳዋንና ለቀስተኛውን ጭነው አወጡን። ከቀብር በኋላ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ አቆሙና ቁልፉን ዘረጉልኝ።

«አውርደን።»

«እኔ? ዛሬ?»

«ዛሬ።»

መሪው ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ዕቃ ነኝ ብላ የገባችበት በር በኩል ጋሽ አንጁሎ ተቀምጠው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጌታ ኢየሱስ» አልኩ፤ ድምፄ ከዚያ በላይ አልወጣም። «ያዘን» ብለው ጨረሱልኝ። ሁለተኛ አስገባሁ። እግሬን አነሳሁ። መኪናዋ እያጓራች፣ በራሷ ጊዜ፣ እስከ ላንቴ ሜዳ ወረደች። ዓይኔ እንባ ስለሞላ ጋሽ አንጁሎ መታጠፊያ ላይ «ነካ አድርግ» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ መንገድ ነዳሁ። አዲስ ሾፌር ሁሉ ስለ ጨንቻ ቁልቁለት ይጠይቀኛል። የምነግረው ይኸው ነው። ቁልቁለት በእግር ጉልበት አይወረድም። ማርሹን ከላይ አስገባ፣ ጌታ ኢየሱስ ያዘኝ በል፣ እግርህን አንሳ። እግርህ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔ እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል።