ያልተቀላቀለ ቤንዚን

አባየ ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሞተር መጋዙን ለታላቅ ወንድሜ አስረከቡት። እስከዚያ ድረስ ቤንዚኑ ውስጥ የሚገባውን ዘይት የሚለኩትም ቤንዚኑን የሚሞሉትም እሳቸው ነበሩ፤ ወንድሜ የሚያውቀው መቁረጥ ብቻ ነው። «ለመጋዙ ያልተቀላቀለ ቤንዚን ብቻ፣ አደራ» አሉት። ነጭ ጋዝ ያልተበረዘበት ማለታቸው ነው። እዚህ መርሳ ከተማ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ማን ያምናል? እሱ ደግሞ ዘይት አትጨምርበት ያሉት መሰለው። ግራና የምትባለው ጎረቤት መንደር ሄዶ የመጀመሪያውን ባህር ዛፍ ሳይጥል ሞተሩ ዘይት አጥቶ ጮኸና ነክሶ ቀረ፤ አልዞር አለ።

ሁለቱ በዚያች ቃል ተጣሉ። አባየ ከዚህ በኋላ ምንም ነገር አላምንህም አሉት። እሱ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ለሚያሻግር ደላላ ደወለ። ጁምዓ ጠዋት እንውጣ ተባባሉ። እኔ እጠግነዋለሁ ስለው፣ ሞተሩ ከተነሳልሽ እቀራለሁ አለኝ። እንደማይነሳ እርግጠኛ ስለነበር ይመስለኛል።

ጓሮ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ ፈታሁት። ፒስተኑ ቀልጦ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፏል። ጥፍሬን የሚይዝ ነገር እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ፒስተንና ፋሻ፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ለመግዛት ወልድያ ሄድኩ። ሻጩ ባልሽን ላኪው አለኝ። ባል የለኝም፣ ፒስተኑን አምጣ አልኩት።

ገጥሜ ገመዱን ስስበው ምንም ሳይገፋኝ ይላላል፤ ትንፋሽ የለውም። ሲሊንደሩ ተፍቆ ሰፍቷል። ከሥሩ ያለችውን እንደ ወረቀት የሳሳች ማሸጊያ ካወጣኋት ሲሊንደሩ ዝቅ ይላል፣ ትንፋሹም ይጠነክራል። ከልክ በላይ ዝቅ ካለ ግን ፒስተኑ የሲሊንደሩን አናት መትቶ ይሰበራል። ሌላ ለመፈለግ ደግሞ ጊዜ የለኝም።

አባየ አጠገቤ ቆመው፣ «ፋብሪካው ያለ ምክንያት አላስቀመጣትም» አሉ።

«አውቃለሁ አባየ። ወይ ያግዙኝ ወይ ብርሃን አይከልክሉኝ።»

ዞር አሉ። ማሸጊያዋን አውጥቼ ሲሊንደሩን መለስኩትና በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ የብየዳ ስታኞ ሽቦ አስገብቼ ሞተሩን በእጄ አዞርኩት። ሽቦው ተጨፍልቆ ወጣ፤ ውፍረቱ ከጥፍሬ አያንስም። ያ ማለት ፒስተኑ አናቱን አይነካም። አባየ ሽቦውን በጣታቸው አሹት፤ ጠባብ ነው አሉ። ይበቃዋል አልኳቸው። በማሸጊያዋ ቦታ ሲሊኮን ቀብቼ አሰርኩት፤ እስኪደርቅ አደረ።

ጁምዓ ጠዋት ወንድሜ ጫማውን አስሮ ወጣ። ገመዱን ሳብኩ፤ መልሶ ከእጄ ነጠቀኝና ጣቴን ላጠው። እንደገና ሳብኩ። ተነሳ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቀጭንና ቁጡ ሆኗል። ወንድሜ ተቀብሎኝ በር ላይ ያለውን ግንድ ቆረጠበትና አጠፋው።

«እስከ መቼ ይሠራል?»

«አላውቅም» አልኩት። መዋሸት እችል ነበር።

ስልኩ ጠራ። ደላላው ነው። አባየ መሬት መሬት ያያሉ። ወንድሜ መጋዙን ሳያስቀምጥ አነሳው።

«በዚህኛው ዙር እለፉኝ» አለ።

«በዚህኛው» ማለቱን እኔ ሰምቻለሁ። አባየም ሰምተዋል።