ለፊልም የተተከለው ድንኳን

ኮልፌ ውስጥ ወይዘሮ ዋጋነሽ ያላለቀሱበት ቀብር እንደ ጎደለ ይቆጠራል። ሙሾ የሚያወጡት ሳይለመኑ ነው። እናታቸው በኦሮምኛ፣ አክስታቸው በአማርኛ ሲያለቅሱ እየሰሙ ስላደጉ በሁለቱም ይችሉበታል። የማይችሉበት ነገር ቢኖር ንቀትን መደበቅ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት እዚያው ሰፈር፣ 18 ማዞሪያ አጠገብ አንድ ፊልም ተሠርቶ ነበር። የልቅሶ ድንኳን ነበረበት፤ ያለቀሱትም እርሳቸው ናቸው። ዘንድሮ ኢዮስያስ የሚባል ወጣት ፊልሙን እንደ አዲስ ሊሠራው ተነሳና ቤታቸው መጣ።

«እማማ፣ ያቺኑ ሙሾ ይደግሙልኛል። የእኛው ከዋናው ይበልጣል።»

«በምን?»

«በካሜራ፣ በመብራት፣ በድምፅ።»

«እንግዲያው ካሜራችን ይበልጣል በል። ፊልሙን ለቀቅ አድርገው።»

ሊያባርሩት አስበው የተዉት በተክለማርያም ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ድንኳኑ የፊልም መሆኑን ለመንገደኛ የነገረ አልነበረም። ድንኳን ያየ ሁሉ እንደ ወጉ ጎራ እያለ ተቀመጠ። ተክለማርያም የሚባል አናጢም ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ታክሲ ሲጠብቅ የዋጋነሽን ድምፅ ሰማ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ከጎኑ የነበረው ሰው «ፊልም እኮ ነው» ቢለው፣ «አንዴ ተቀምጫለሁ፤ ንፍሮ ሳልቀምስ መነሳት ነውር ነው» አለ። ካሜራው ይህን ሁሉ ያዘ። ሰውየው በኋላ ዋጋነሽን አገባ፤ አምና ደግሞ ሞተ። በቀብሩ ዕለት ያቺን ሙሾ ሊያወጡለት ቢሞክሩ ከጉሮሯቸው አልወጣ አለች። እስካሁንም እዚያው ናት።

ኢዮስያስ በስህተት የገባውን ሰው እንኳ በተዋናይ ሊያስደግም ነው። ዋጋነሽ በባላቸው ቦታ የሚቀመጠውን ለማየት፣ ምናልባትም ሙሾዋ ትወጣላቸው እንደሆነ ብለው ሄዱ።

ድንኳኑ ሠርግ ቤት ይመስላል። አልቃሽ ተብለው የመጡት ልጆች ዓይናቸው ላይ ጠብታ እያስደረጉ ይሳሳቃሉ። ተዋናዩ ፀጉሩን ተቀብቶ ገባ፤ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ አዘነ። አልተዋጣለትም፤ ወጥቶ እንደገና ገባ፤ እንደገና አዘነ።

«ተሳስቶ የሚገባ ሰው እንዲህ አይገባም» አሉ ዋጋነሽ።

«እንዴት ነው የሚገባው እማማ?»

«መሳሳቱን ሳያውቅ ነዋ። ያንተው ከቤቱ አውቆት ነው የመጣው።»

ኢዮስያስ ሳቀና፣ «ይሁን፣ እርስዎ ይጀምሩልን» አላቸው። ዋጋነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንግዳ መስሎኝ ነው የቆመው ከደጄ…»

ወጣች። ዓመት ሙሉ እምቢ ያለችው ሙሾ ወጣች። ሁለተኛውን ስንኝ ሊያስከትሉ ሲሉ በር ላይ ግርግር ተሰማ። አንዲት ጎመን ሻጭ ዘንቢሏን ደጅ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታለች። ጥበቃው ክንዷን ይዞ፣ «ሴትዮ፣ ቀረጻ እኮ አበላሸሽ፤ ውጪ» ይላታል።

ዋጋነሽ ዓይናቸውን ገለጡ። «ለምንድን ነው የምታስወጧት?»

«ሳትጠራ ገብታ ነው እማማ» አለ ኢዮስያስ።

«ልቅሶ ተጠርቶ የሚኬደው የት አገር ነው?»

«ተሳስቶ የሚገባውን ሰው እኮ የሚጫወት ተዋናይ አለን።»

ዋጋነሽ ተዋናዩን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ ከዚያ ተነሱ።

«ተክለማርያም ዛሬ ቢመጣ እሱንም ታስወጡት ነበር» አሉ። «እኔ ልቅሶ ደራሽ ከሚባረርበት ድንኳን አላለቅስም።»

«እማማ፣ አንዲት ስንኝ እኮ ናት የቀረችው።»

«ካሜራህ ይበልጣል አላልክም? እሱ ያልቅስልህ።»

ወጥተው ጎመን ሻጯን ታክሲ መያዣው ጋ ደረሱባት።

«ማን ነው የሞተው እናቴ?» አለቻቸው።

«ባሌ» አሉ ዋጋነሽ፤ ያን ጊዜ የቀረችው ስንኝ መጣች።

«ለካስ ሊሰናበት መጥቶ ነው ወዳጄ።»

ሴትዮዋ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና አብራቸው አለቀሰች።