አዴ ዘይቡ ለመጽሐፍ የጠሩት ደቦ

አዴ ዘይቡ በሕይወታቸው አንድም መጽሐፍ አንብበው አያውቁም፤ አንድ ግን አሳትመዋል። በመምህርነት ተመድቤ ጅማ የገባሁት በሰባ ሁለት ዓ.ም. ስለነበር ነገሩን ከመጀመሪያው አየሁት። ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሥነ ጽሑፍ ለሰፊው ሕዝብ ምን ማድረግ እንዳለበት ስንከራከር ምሳችን ይቀዘቅዝብን ነበር። ሰፊው ሕዝብ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ለአንድ ልብ ወለድ ቡና ሊለቅም ይወጣል ያለን ግን አልነበረም።

ሻይ ቤታቸው ሂርማታ ገበያ ጥግ ላይ ናት። በሯ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ አሁን ቀለሙን ለዝናቡ እየመለሰ ነው። አዴ ማለት እናት ማለት ነው፤ ሂርማታ ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። አዴ ዘይቡ አጭር ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ረጅም ነው፤ አወይቱ ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ስሟ ሲጠራ ትሰማቸዋለች። ባላቸው ሞተዋል። አንዲት ልጃቸው ለጢፋ ከዓመታት በፊት በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሄዳ ከዚያ ወዴት እንደዞረች የሚያውቅ የለም። ስለ እሷ አያወሩም። ብቻ ውጭ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ማንቆርቆሪያው አየር ላይ ይቆማል። ሻዩ ግማሽ ብርጭቆ ላይ ይቀራል። ደንበኛውም ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ መኪናው እስኪያልፍ ሻይ እንደማይሞላ ሂርማታ ሁሉ ያውቃል።

በረንዳውን ከእሳቸው ጋር የሚጋራው ሸኩር ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ በቀጠሮ ቀን ሰጥቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም መጽሐፍ ይጽፋል። ልኬት በሚያወጣበት ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፍና ሱሪያቸውን ለሚጠብቁት ደንበኞች ያነብላቸዋል። ደንበኞቹም ሱሪውን ይረሱታል። ልብ ወለዱ ሐጂራ ስለምትባል የሊሙ ገነት ልጅ ነው። ሐጂራ ባሕር ማየት ትፈልጋለች። ቤታቸው በር ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ ትውላለች፤ አንድ ቀን በጭነት መኪና ትሄዳለች።

«ይቺ ለጢፋ ናት» ይሉታል ሰዎቹ።

«አይደለችም! ለጢፋ ቀጭን ናት፣ ሐጂራ ወፍራም ናት» ይላል ሸኩር። በዚህ ክርክሩ የተረታ ሰው ግን የለም።

ያን ዓመት የሸኩር ወረቀት አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ። አሳታሚዎቹ የታሰረበትን ክር እንኳ አልፈቱትም። ማተሚያ ቤቱ በበኩሉ ግማሹን ቅድሚያ ከከፈልክ አትምልሃለሁ አለው። ሸኩር ክሩን ጨብጦ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«በቃ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።»

አዴ ዘይቡ ማንቆርቆሪያቸውን አስቀመጡ። «ልጅቷንስ?»

«የቷን ልጅ?»

«ሐጂራን ነዋ! በር ላይ እንደገተርካት ልትተዋት ነው? ሄዳ መመለስ አለባት እኮ። ማሎ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል እንዴ?»

ሸኩር ክሩን በጣቱ ላይ ጠቀለለ። ቆይቶ ለብቻችን ስንሆን በጆሮዬ ነገረኝ፦ «አትመለስም፣ መምህር። የጻፍኩት እንደዚያ ነው። ከተመለሰች ውሸት ይሆናል።»

«ታዲያ ለአዴ ዘይቡ ንገራቸዋ።»

«አንተ ንገራቸው፤ የተማርክ ነህ።»

ተምሬ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

አዴ ዘይቡ ደቦ ጠሩ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነበር። በሊሙ ገነት በኩል ያለው የመንግሥት እርሻ ለለቃሚ በኪሎ ይከፍላል። እሑድ ጠዋት የጎረቤት ሴቶች፣ ሱሪያቸው ያልተሰፋላቸው ወንዶችና እኔ በወልደሰማያት ፊያት ላይ ተሳፈርን። ወልደሰማያት ከጅማ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ የመኪናውን ግንባር «እመቤቴ» ብሎ አስጽፏል፤ የሚጨቃጨቀውም የሚያወጋውም ከእሷ ጋር ነው። ከከተማው ሳንወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሽበሺ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ይህ ሁሉ ሰው ወዴት ነው? ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው?»

«ደቦ ነው» አሉ አዴ ዘይቡ ከላይ ሆነው።

«የማን እርሻ ላይ?»

«የሸኩር።»

«ሸኩር የቱ ጋ ነው እርሻ ያለው? ልብስ ሰፊ አይደለም እንዴ?»

«እርሻው ወረቀት ነው። አረም ሳይበላበት እንድረስለት ብለን ነው። ይልቅ ውጣ፣ ቦታ አለ።»

ጓድ ሽበሺ ሁኔታውን በቅርብ ለመከታተል ብሎ ተሳፈረ። የአጋሮ ልጅ ኖሯል፤ ሽጉጡ ከቅርጫቱ ጋር እየተጋጨበት ከሁላችን አብልጦ ለቀመ። እኔ ግን ቀዩንም አረንጓዴውንም እያግበሰበስኩ ስለነበር አዴ ዘይቡ ቅርጫቴን አይተው ሳቁብኝ። «መምህሬ፣ አረንጓዴውን ተወው። እሱ ሻይ ቤት እንደምታነብልን ግጥምህ ነው፤ ገና አልበሰለም።»

ቡናው እስኪያልቅ በየእሑዱ ወጣን። ጥር ላይ ለማተሚያ ቤቱ የሚበቃ ተገኘ፤ ሸኩርም ደስታውን መደበቅ አቅቶት የሦስት ሰው ሱሪ በአንድ ሳምንት ሰፋ። ደስታው ግን አልከረመም። የደቦን ወግ ረስቶት ነበር፤ እኔማ ከመጀመሪያውም አላውቀውም። እርሻህ ላይ የወጣልህ ሰው ተራው ሲደርስ እርሻው ላይ ይጠብቅሃል፤ ቀርተህ ሰላም የለህም። መጀመሪያ የመጡት ጀቤሳ ነበሩ። የሰኮሩ ገበሬ ናቸው፤ በገበያ ቀን ጅማ ይወርዳሉ፤ ለሁለት ለቀማም ከእኛ ጋር ወጥተዋል።

«ኤጋ ሸኩር፣ እኔ ወጥቼልሃለሁ። አንተስ መቼ ትወጣልኛለህ?»

«ኦቦ ጀቤሳ፣ እኔ ማረስ የት አውቄ! ሱሪ ልስፋልዎት።»

«ያንተ ሱሪ እስኪደርስ እኔ እሞታለሁ። ለመጽሐፍ ወጥቼልሃለሁ፤ በመጽሐፍ ውጣልኝ። በሬዬን አስገባልኝ።»

«በሬ?»

«ሞቲን። ከዚህ እስከ ሰኮሩ እንደ እሱ ያለ በሬ የለም። እሱም አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ሁለታችንም ስንሞት ማን ያስታውሰዋል?»

«ኦቦ ጀቤሳ፣ የጻፍኩት ሐዘን ነው! በሐዘን መሀል በሬ ምን ይሠራል?»

«በሬ አያዝንም ያለህ ማነው?»

ወሬው እንደተሰማ በረንዳው በባለዕዳ ሳይሆን በአበዳሪ ተሞላ። ወልደሰማያት «እመቤቴን አስገባልኝ፤ ግን በመጽሐፉ ውስጥ እንዳትበላሽ፤ በውጭው ይበቃታል» አለ። ጓድ ሽበሺ ሰው ሲቀንስ ጠብቆ መጣና፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እሱም ቢገባ ቅር እንደማይለው ተናገረ። «በጎ ጎኔ ይታይ» ብሎም አሳሰበ። ሸኩር ጭንቅላቱን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ስለ ደራሲ ነፃነት በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሁሉ አሰብኩ፤ በደቦ ስለተለቀመ መጽሐፍ ግን ምንም አልተማርኩም።

የቀሩት አዴ ዘይቡ ነበሩ። ሸኩር ፈራ ተባ እያለ ጠየቃቸው። «እርስዎስ ምን ላድርግልዎት?»

«እኔማ ምን እፈልጋለሁ። ልጅቷ ስትመለስ ሻይዋን እኔ ጋ ትጠጣ። ይኸው ነው።»

ሸኩር «እሺ» አለ። ምን ሊል ኖሯል? ያን ሰሞን መርፌው ሦስት ጊዜ ጣቱን ወጋው። ልጅቷ ካልተመለሰች ሻዩን አትጠጣም፤ ከተመለሰች መጽሐፉ የእሱ አይሆንም። ሌሎቹን ዕዳዎች ከፍሎ ይህቺን አንዲት ዕዳ ለመጨረሻ አቆያት።

ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱ ሳንሱር ገባ። ወጣም። የተነካው በሬው ብቻ ነበር፤ ሞቲ ማለት ንጉሥ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው እዚያ ኖሮ «የፊውዳል ስም ነው፤ ይለወጥ» የሚል ጽፎበታል። በሬው ቦሩ ተባለ። ጀቤሳ ሲሰሙ «ስሙን ይውሰዱት፤ ቀንዱን እስካልነኩት ድረስ ግድ የለም» አሉ።

ማተሚያ ቤቱ ወረቀት ጠፋ፣ ቀለም ጠፋ እያለ ቆይቶ መጽሐፉ የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት፣ ቡናው እንደገና መቅላት ሲጀምር ነው። ወልደሰማያት ጥቅሎቹን ሻይ ቤቱ በር ላይ አወረደ። ሊያመጣው አብሮት አዲስ አበባ የሄደው ሸኩር ግን አልወረደም።

«ደራሲውስ?» አሉ አዴ ዘይቡ።

«አሰንዳቦ ላይ ወረደ። አክስቱ ታመዋል አለኝ።»

አዴ ዘይቡ ጥቅሎቹን ወደ ውስጥ አስገቡ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቷ ሞላች፤ ከጥቅሉ አንዱን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። «በል አንብብልን። ያንተም ቅርጫት አለበት፤ አረንጓዴም ቢሆን።»

አነበብኩ። ሐጂራ በሯ ላይ ቆማለች። ሊቀመንበሩ ሳያንገላታ፣ ነገ ተመለሺ ሳይል፣ የይለፍ ወረቀት ፈረመላት፤ ጓድ ሽበሺ ኮሌታውን አስተካከለ። እየሮጠች መንገድ ስትደርስ መኪናው ሊያመልጣት ነበር፤ ነገር ግን ቦሩ የሚባል ትልቅ በሬ መሀል መንገድ ላይ ተኝቶ አልነሳም አለ፤ ጀቤሳ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ግንባሯ ላይ «እመቤቴ» የተጻፈባት ፊያት ፍሬን ይዛ ቆመች፤ ሞተሯ አንዴም ሳያስል ሐጂራን ጭና ሄደች። ወልደሰማያት ጎረቤቱን በክርኑ ጎሰመው።

«ቆይ፣ መምህሬ» አሉ አዴ ዘይቡ። ሦስቱን ሰዎች አንድ በአንድ አዩአቸው። «ሽበሺ፣ አንተ ፈረምክላት። ጀቤሳ፣ በሬህን አስተኝተህ አስቆምክላት። አንተ ደግሞ ጭነህ ወሰድካት። ጉድ እኮ ነው! ለካ ተባብራችሁ ነው ልጄን የላካችኋት!»

ልጄን አሉ። ሁላችንም ብርጭቋችንን አየን።

«አዴ ዘይቡ፣ መጽሐፍ እኮ ነው» አለ ወልደሰማያት ቀስ ብሎ።

«መጽሐፍ መሆኑ ይጠፋኛል? እኔ አይደለሁ ያሳተምኩት? ቀጥል መምህሬ።»

ቀጠልኩ። አሰንዳቦ ላይ መኪናው ቆመ፤ ባለ ሻይ ቤቷ ለሐጂራ ሻይ አቀረበችላት። ሐጂራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልጠጣም፤ የእኔ ሻይ ጅማ ተቀድቷል» አለች። ሰኮሩ ላይ አቀረቡላት፤ እንደዚያው አለች። ጊቤን ተሻገሩ፤ ጠማት፤ አልጠጣችም። ከዚያ መንገዱ ወደ ላይ ወጣ፣ ሐጂራ ከኋላዋ ያለውን አረንጓዴ አገር አየችው፣ ገጹም አለቀ። ገለበጥኩት፤ ከጀርባው ባዶ ነበር።

«አልቋል?»

«አልቋል።»

«አልተመለሰችም።»

«አልተመለሰችም» አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስል ድምፄ ወረደ።

በዚያው ቅጽበት ውጭ መኪና ፍሬን ያዘ። ማንቆርቆሪያው እንደ ልማዱ አየር ላይ ቆመ። መኪናው አለፈ። አዴ ዘይቡ አንድ ንጹሕ ብርጭቆ አነሡ፤ እስከ አፉ ሞልተው ቀዱና በሩ አጠገብ፣ ሰው ያልተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ተቀድቷል ብላለች አይደል? ልጅቷን ውሸታም ማስባል የለብንም።» ከዚያ ዞሩብን፤ ድምፃቸው ተመልሶ ረዘመ። «ይህ ሻይ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቶሎ መምጣት አለባት። ወልደሰማያት፣ ነገ በአሰንዳቦ ስታልፍ ያንን ፈሪ ጭነህ አምጣልኝ።»

«አክስቱስ?»

«አክስት የለውም! ሁለተኛ መጽሐፍ ይጽፋል። ደቦ ወጥተን ልከናታል፤ ደቦ ወጥተን እንመልሳታለን። ቡናው እንደሆነ ቀልቷል።»

እሑድ ጠዋት ሸኩር መኪናው ላይ በአዴ ዘይቡና በጓድ ሽበሺ መሀል ተጣብቆ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ባዶ ቅርጫት አለ። የሊሙን መንገድ ስንይዝ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አዴ ዘይቡ፣ እውነት መስሎ ካልታየኝ መጻፍ አልችልም እኮ።»

«እሺ፣ እውነት አስመስለህ መልሳት። ማን ከለከለህ?»

«መኪናው እኮ ወደዚያ ነው የሚሄደው። እሷን አግኝቶ የሚያቆም ምን ነገር አለ? እንዴት ነው የማደርገው?»

ወደ እኔ አየ። እኔም የተማርኩትን ሁሉ አሰብኩ። መልሱ ግን ከኋላችን፣ ከቅርጫት ክምር መሀል መጣ።

«በሬዬ ይተኛላታ» አሉ ጀቤሳ። «አሁን በዚያኛው፣ በመመለሻው በኩል።»