የታችኛው በር ሲንኳኳ

ፔንዳ ሳል የግድባችን የጥገና ቡድኖች አለቃ ናት። ግድቡ የሴኔጋል ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ነው፤ ጨዋማው ውሃ ወደ ሩዝ ማሳው እንዳይዘልቅ ይከለክላል። ከሁለቱም ዳርቻ የመጣን ሠራተኞች የምንታዘዘው ለሷ ነው። እኔ ክሬን ነጂ ነኝ።

ብየዳ የተማረችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ የጀልባቸው ሞተር በተበላሸ ቁጥር ባለሙያ ሲለማመጡ አይታ፣ «እኔ እያለሁ?» ብላ ጀመረች። ብረት ማዳመጥ ትወዳለች። የዘንግ አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍንና «ይሄ ቅባት ጠምቶታል» ትላለች። እኛም ቅባት ይዘን እንሮጣለን።

አንድ ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ የጀልባ ማሻገሪያው መንኳኳት ጀመረ። ማሻገሪያው በሁለት የብረት በሮች መካከል ያለ ጥልቅ የኮንክሪት ገንዳ ነው። ጀልባው ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋበታል፣ ውሃው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ከዚያ በፊት ለፊት ይወጣል። ድምፁ የሚመጣው በባሕሩ በኩል ካለው ከታችኛው በር ነበር። ድም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ድም።

ፔንዳ ዘንጓን አስደግፋ ሰማች። «ማጠፊያው ነው፤ በሩ የሚዞርበት የታችኛው ማጠፊያ ተበልቷል» አለች።

«ማጠፊያ በሩ ሳይነቃነቅ ያንኳኳል እንዴ?» አለ ጄጋን። ጄጋን የቡድኑ አንጋፋ መካኒክ ነው። እሱ ሴሬር፣ እሷ ፑላር፤ ሁለቱ ጎሳዎች ደግሞ በቀልድ ካልተሰዳደቡ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም። «እናንተ ላም ጠባቂዎች ከብረት ምን አገናኛችሁ?»

«አንተ ሆዳም፣ ድስት ሲከደን እንጂ በር ሲንኳኳ የት ታውቃለህ?» አለችው። ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። በሩ ቆሞ ሳለ መንኳኳቱ እሷንም አልገባትም።

ሌሎቹ ወንዙን የምትጠብቀው መንፈስ፣ የወንዟ እመቤት፣ ተቆጥታ ነው አሉ፤ እርጎ ይፈሰስላት አሉ። ፔንዳ አልከለከለችም። እርጎው ፈሰሰ፣ ድምፁም ቆመ። በማግስቱ ሥራ ስንገባ እንደገና ድም አለ።

«እንግዲህ አልጠገበችም» አለ ጄጋን። ማንም አልሳቀም።

ጠላቂያችን ቢላል ከማዶው ዳርቻ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ እዚያ ታች ዓይን አይሠራም፤ በእጁ ዳስሶ ነው የሚያየው። ወርዶ ቆየና ፊቱ ዐመድ መስሎ ወጣ።

«ማጠፊያው እጄ እስከደረሰበት ድረስ ደህና ነው፣ እትዬ ፔንዳ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«የሆነ ነገር... ደገፈኝ።»

«ምን ማለት ነው ደገፈኝ?»

«እንደ ሰው። ትከሻዬን ተደግፎ ቆየ፣ ከዚያ ሄደ። ሁለተኛ አልወርድም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ፔንዳ ዘንጓን ይዛ ግድግዳው ጫፍ ላይ ቆመች፤ አስቀምጣ አነሳችው፣ ደግሞ አስቀመጠችው። በመጨረሻ ገንዳው ይድረቅ አለች። ጀልባዎች በሁለቱም ወገን ተሰልፈው፣ ባለቤቶቹ እየተሳደቡ፣ ውሃውን በፓምፕ መሳብ ጀመርን።

ውሃው ሲጎድል መጀመሪያ የታየው ግራጫ ጀርባ ነበር። ቀጥሎ ከጎኑ ትንሽ ጀርባ። የወንዝ ላም ነበረች፣ ከነጥጃዋ። ሣር እየጋጠች ወንዙ ውስጥ የምትኖር፣ እንደ ዓሣ ጅራት ያላት፣ አካሏ ግዙፍ፣ ጠባይዋ የዋህ እንስሳ ናት። ከአንዱ ጀልባ ጋር ገብታ ተዘግቶባታል፤ ድምፁ ከተሰማ ወዲህም በሩን አልከፈትንም ነበር። ውሃው እየሸሻት በግንባሯ በሩን ገፋች፤ ድም አለ።

ከጀልባዎቹ አንዱ ላይ ያለ ሰው «ይሄ ለሠርግ የሚበቃ ሥጋ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ገመድ የወረወረ ከኔ ጋር ነው ጠቡ!» አለች ፔንዳ። ወዲያው ወደኛ ዞራ «ሙሉት!» አለች።

«አሁን አድርቁት ብለሽ?» አልኳት።

«ሙሉት አልኩ!»

ገንዳውን ሞላን፣ የላይኛውን በር ከፈትን፣ ከዳር የታጨደ ሣር በትንሽ ታንኳ እየጎተትን አስቀደምን። ላሟ ቀስ ብላ ተከተለች፤ ጥጃዋ ከብብቷ ሥር። ጨው በሌለበት የላይኛው ውሃ ውስጥ ሲጠፉ ጀልበኞቹ ራሳቸው አጨበጨቡ። ፔንዳ እስክታነባ ሳቀች። ለዋናው መሐንዲስ ደውላ «ነገሩ ተገኝቷል፣ በሩ ጤነኛ ነው» አለች። ገንዳውን ለማድረቅ የመደበችውን ቡድንም ማጠፊያውን ሳታስፈትሽ ወደ ሌላ ሥራ ላከች።

ድምፁ ጠፋ። ያ ነው ነገሩን ያወሳሰበው።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ከላይ አገር ሽንኩርት የጫነ ጀልባ ወደ ባሕሩ ሲወርድ፣ የታችኛው በር ግማሽ ተከፍቶ ተሰነቀረ። አንድ ጎኑ ዘመመ፤ ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። ጀልባው ገንዳው ውስጥ ቀረ። ሙቀቱ ላይ ሽንኩርቱ መሽተት ጀመረ፤ ነጋዴዋ ሴትዮ ግድግዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትረግመናለች። በሩን በክሬን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የታችኛው ማጠፊያ የቢላል እጅ በማይደርስበት በሥሩ በኩል ተበልቶ እንደ ምላጭ ሳስቷል።

ፔንዳ ጎንበስ ብላ ስታየው ቆየች። መሐንዲሱ መጥቶ «ወይዘሮ ፔንዳ፣ ያኔ የሰሙት የትኛውን ነበር? ይሄን ወይስ እንስሳዋን?» አላት። በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ፔንዳ የሳሳውን ብረት በጣቷ ነካች። «እንስሳዋ ነበረች። ይሄም ነበር። ወይም እሷ ናት እየገፋች የበላችው። ወይም...» ወደ ጄጋን ዞረች። «አንተ እስቲ ተናገር!»

ጄጋን ሊሳደብ ጀምሮ ተወው። «እኔስ በምን አውቄ፣ እህቴ?» አለ። እህቴ ሲላት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማጠፊያውን ቀየርን፣ በሩ ተስተካክሎ ቆመ። ጀልባው ሲወጣ ነጋዴዋ እርግማኗን ትታ ያልበሰበሰውን ሽንኩርት ለቡድኑ ወረወረችልን። ፔንዳን ማንም አልቀጣትም፤ ይህ ራሱ ግራ ያጋባት ይመስለኛል። አሁንም አለቃችን ናት፣ አሁንም ታዳምጣለች። ካዳመጠች በኋላ ግን ዘንጉን ለአጠገቧ ሰው ትሰጠውና «አንተስ ምን ሰማህ?» ትላለች። የሰማነው ይለያያል። እሷም ሁላችንንም በየተራ ታየናለች፣ ገንዳውን ታየዋለች፣ ዘንጉን ተቀብላ ደግማ ታዳምጣለች፤ እኛም መፍቻችንን ይዘን እንጠብቃታለን።