ነጎድጓድ ያለበት ካሴት

ዘንድሮም ቤት ቀየርኩ። ሲ.ኤም.ሲ ባለው አዲሱ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ካርቶን ስፈታ ከሥር አንድ ካሴት ወጣ። ሽፋኑ ላይ «የመድረኩ ዜማዎች» ይላል። የዘፋኝ ስም የለበትም፤ ለምን እንደሌለበት አውቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ ከተማው ሁሉ ያበደለት አንድ ሙዚቃዊ ድራማ ነበር። ለእኛ ለሾላ ልጆች ግን ቲያትር ቤቱ ሩቅ፣ ዋናው ካሴትም ውድ ነበር። ስለዚህ ገበያው ጥግ ሙዚቃ ቤት የነበረው ሰውዬ ዘፈኖቹን በርካሽ አስመስሎ ሊቀዳቸው ተነሳ። ጓዳውን በብርድ ልብስ ጋረደ፣ ኪቦርድ ተዋሰ፣ የሴቶቹን ድርሻ በሙሉ ለአክስቴ ለጽጌ ሰጣት። ጽጌ «ስሜን እንዳትጽፍ» ብላ ተስማማች። እሁድ እሁድ ነጭ ለብሳ በእንጦጦ ዳገት ሥር ባለው ደብራችን ትዘምር ነበር፤ ዘማሪ ደግሞ አይዘፍንም። ግን ያ ድራማ ልቧን ወስዶታል። መድረክ ላይ የማታገኘውን ጓዳ ውስጥ እንኳ ልትሞክረው ፈለገች።

እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሐምሌ ነበር፤ የእርጥቡ ብርድ ልብስ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ሙሽራይቱ ቤተሰቦቿን በምትሰናበትበት ዘፈን መሀል ነጎድጓዱ እንጦጦ ላይ ሲያጓራ፣ ጽጌ ሳታስበው «ማርያም! ማርያም!» አለችና ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች። ሰውዬው መብራት ሳይጠፋበት ለመጨረስ ቸኩሎ እንዳለ ተወው።

ካሴቱ ሾላን አጥለቀለቀው። ሰዉ ዘፈኑን ትቶ ያችን «ማርያም! ማርያም!» ይጠብቅ ጀመር፤ የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ አብረው ይጮሁ ነበር። አንድ ቀን የመዘምራኑ መሪ መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ይቺ ድምፅ የማን ናት፣ ልጄ?» አሉኝ። ኩራቴ ቀደመኝ። «የአክስቴ ናት!» አልኳቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

በሳምንቱ ጽጌ ነጩን ልብሷን ለመዘምራኑ መለሰች። ማን እንደተናገረባት አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ግን አልዘመረችም፣ አልዘፈነችምም፤ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው እንኳ ቀረ። ያን ዝምታዋን ስንት ቤት ስቀይር ይዤው ዞርኩ። ደከመኝ።

ዛሬ የሙሽራይቱ ዘፈን ዋናው ቅጂ ስልኬ ውስጥ በነጻ አለ፤ ጥርት ያለ፣ ዝናብም ነጎድጓድም የሌለበት። ጽጌ አዲሱን ቤት ልታይ ስትመጣ ከፈትኩላት። ጉልበቷን ደረጃው ፈትኖት ስለነበር ቁጭ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ጎበዝ ናት» አለች።

ካሴቱን እጇ ላይ አስቀመጥኩት። «ያኔ ለመሪው የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ራሳቸው ነገሩኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ? በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ድምፁ የእሷ ነው ብሎ የመሰከረልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ካሴቱን አገላብጣ አየችውና እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። እንደ ድሮው ክሩን ልታጠነጥንበት መስሎኝ፣ ማጫወቻ እንኳ የለኝም ልላት ስል፣ ሽፋኑን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ስሟን ጻፈችበት።