ከቆርቆሮው ማዶ ያለው ግራዋ

እናቴ በታመመችበት ዓመት ገላዋን ያሳክካት ጀመር። ከጉበቷ የመጣ ነው አሉን ሐኪሞቹ። የታዘዘላትን ቅባት ብቀባትም ስትፎክት ትውላለች። ክንዷና ሆዷ ስለቆሳሰለ አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አይጠፋም ነበር። እኔ አንሶላውን አጥባለሁ፣ አሰጣለሁ፣ አጥፋለሁ።

ቤታችን ልደታ፣ ከአብነት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከጎረቤታችን የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ነው። ከአጥሩ ማዶ አንድ ትልቅ ግራዋ አለ። ሰፈርተኛው ሆዱን ሲያመው ቅጠሉን ጨምቆ ይጠጣል፣ ጠላ ሲጠምቅ ጋን ያጥብበታል። ሲያብብ ነጭ አበባው እኛ ግቢ ድረስ ይረግፋል። እናቴ ግን ነክታው አታውቅም። ከግራዋው ባለቤት፣ ከጎረቤታችን ሴትዮ ጋር በፍሳሽ ውሃ ቦይ ሰበብ ተጣልተው ከተኮራረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለበዓል ግራዋ ሲያስፈልጋት ከገበያ ታስገዛለች።

አንድ ቀን ጠዋት አንሶላ ሳሰጣ ሴትዮዋ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

"እናትሽ ምን ሆና ነው?"

"ገላዋን ያሳክካታል።"

አንሶላውን አዩት። ሄዱና አንድ እቅፍ ግራዋ ቆርጠው አቀበሉኝ።

"በውሃ አድርገሽ በደንብ እሺው። አረፋ ሲያወጣ አጥልይና እጠቢያት። ከእኔ ነው እንዳትያት።"

እንዳሉኝ አደረግኩ። ሳፋው ውስጥ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። እናቴን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ከአንገቷ ጀምሬ አፈሰስኩባት። ዓይኗን ጨፈነች።

"ይሄ የገበያ አይደለም" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"የገበያው ጠውልጎ ነው የሚመጣው።" ጀርባዋን ስጨርስ፣ "ሂጂና ጥሪያት" አለች።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ።

"እንዴት ነሽ?" አሏት።

"ትንሽ ቀለል ብሎኛል።"

ስለ ፍሳሹ አንዳቸውም አላነሱም። ከዚያ በኋላ ግራዋውን ራሳቸው ይዘው ይመጡ ጀመር። እሳቸው ጀርባዋን፣ እኔ እግሯን እናጥባለን። ማሳከኩ ጨርሶ ባይተዋትም እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ሰፈሩ ሰው ያወራሉ። አንድ ጊዜ ሁለቱም ሲስቁ ከማድ ቤት ሰማኋቸው። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ። ሳፋውን አለቅልቄ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

እናቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ቀብሯ ላይ አላለቀስኩም። አክስቴ ክንዴን ይዛ "አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሻል" ብትለኝም እንባዬ አልመጣም። ለቀስተኛውን አስተናገድኩ፣ የድንኳኑን ወንበር መለስኩ።

አርባዋ ሲቃረብ ለተዝካሩ ጠላ መጠመቅ ነበረበት። ሴትዮዋ ማንም ሳይጠራቸው ግራዋ ተሸክመው መጡና ክንዳቸውን እስከ ትከሻ ጋኑ ውስጥ ከትተው መፈተግ ያዙ። መሀል ላይ አቆሙ። ቅጠሉን እንደጨበጡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ያን ሁሉ ዓመት፣ ልጄ" አሉ። "ለአንድ ቦይ!"

ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

"ይረፉ፣ እኔ ልጨርሰው" አልኩና ቅጠሉን ከእጃቸው ወሰድኩ። የጋኑ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ታቹን አጥብቄ ፈተግኩት። እሳቸው እያለቀሱ በጣሳ ውሃ ያቀብሉኝ ነበር።