አንበሳዋ ከዝሆኗ ጀርባ የዘለለችበት ቀን

በሰው አገር ከምኖርበት ሰፈር፣ ከጀፕስታውን የተነሳሁት ልጄን ትዕግስትን ከአንበሳ አጠገብ አውጥቼ ወደ ቤት ላመጣት ነው። ጭምብሌን አጥልቄ፣ ምስር ወጥና ዳቦ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ብዙ አልተማርኩምና አጻጻፌን ታገሱኝ።

ትዕግስት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የምትሠራው ሰርከስ ውስጥ ነው፤ አንበሳ ዝሆን ጀርባ ላይ ወጥቶ እንዲቀመጥ ታለማምዳለች። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ቢሮ ናት» ነበር የምለው። የሰው ልጅ ነርስ ሲሆን፣ ሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን፣ የኔዋን ምን ብዬ ልናገር? በሽታው መጥቶ ከተማው ሲዘጋ ሰርከሱም ከከተማ ውጭ አንድ እርሻ ላይ ቆሞ ቀረ። እፎይ ብዬ ነበር። በኋላ ደውላ ልምምዱ እንደገና ተጀመረ ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ቤተ ክርስቲያን ከመዘጋቱ በፊት ካመጣሁት ጸበል ከጀሪካኑ ስር ጥቂት ተርፎኝ ነበር። ያለቀ የሳኒታይዘር መርጫ በፈላ ውሃ አጠብኩና ጸበሉን እሱ ውስጥ ገለበጥኩት። ለመርጨት ይመቻል አልኩ።

መንገዱ

ታክሲ ተራው ላይ ሰው በሩቅ በሩቅ ተሰልፏል። ተራ አስከባሪው እጃችን ላይ ሳኒታይዘር እየረጨ አንድ በአንድ አስገባን። በዚያ ብርድ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ሒሳቡ እንደ ልማዳችን ከኋላ ወደ ፊት በእጅ በእጅ ሲተላለፍ፣ ገንዘቡን የነካ ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ ይጠርጋል። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ቶኮዛ የሚባል ሰፈር የምትኖር ሴት ብርድ ልብሷን ለሁለታችን ዘረጋችው። ወዴት ነሽ ስትለኝ፣ ልጄ እርሻ አጠገብ ቢሮ ትሠራለች አልኳት። የማላውቃትን ሴት ምን አስዋሸኝ?

ከከተማው ስንወጣ ከወርቅ ማውጫው የተጣለው ቢጫ አፈር ተራራ አክሎ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ የዚህ አገር ክረምት ደረቅ ነውና ሣሩ በእሳት ተቃጥሎ ሜዳው ጥቁር ነው። ሾፌሩ «ማማ፣ እዚህ ነው» ብሎ አወረደኝ። በቀይ አቧራ መንገድ፣ በባሕር ዛፍ መሃል በእግሬ ሄድኩ። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የከብት በረት ይመስላል፣ ግን ይከብዳል።

እርሻው

የሰርከሱ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። የተሳለባቸው አንበሳ በፀሐይ ነጥቷል። ትኬት መቁረጫው ሥር አረም በቅሏል። ትዕግስት ሮጣ መጥታ፣ ልታቅፈኝ ብላ አስታወሰችና ክርኗን ዘረጋችልኝ። አሰልጣኙን ኦም ዳኒ ይሉታል፤ ኦም በነሱ ቋንቋ አጎት እንደማለት ነው። ፂሙ የነጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወገቡ ላይ እንደኔው ዓይነት መርጫ ተንጠልጥሏል። እዚህም ለበሽታው ይጠነቀቃሉ ብዬ ትንሽ ተረጋጋሁ።

ምስሩን ስንበላ፣ ተመልካች በሌለበት ልምምዱ ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ዝሆን በተፈጥሮው አንበሳ ይፈራል አለችኝ። ለማላመድ መጀመሪያ አንበሳዋ የተኛችበትን ጭድ ዝሆኗ በረት ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ሽታውን ስትለምድ በብረት መሃል ጎን ለጎን ያሳድሯቸዋል፤ ጀርባ ላይ መውጣቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከተማው በተዘጋ ጊዜ ሥራው ቆሞ ተረሳስተው ነበር።

«ወደው ነው?» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «ወደው አይደለም እማዬ። እኔ አልጀመርኩትም። ግን ሌላ ቤት የላቸውም፣ ሲፈራሩ ደግሞ ይጎዳዳሉ።»

እሷም እንደኔ የምታፍርበት ነገር እንዳላት ያን ጊዜ ገባኝ።

ከልምምዱ ቦታ የብረት አጥር ውጭ ወንበር ሰጠችኝና፣ አትነሺ፣ አትጩሂ፣ እጅሽን ወደ ውስጥ አታስገቢ አለችኝ። ሦስቱንም ጠብቄያለሁ።

ዝሆኗ ዱዱ ገባች። ጀርባዋ ላይ የጥፍር መከላከያ ወፍራም ቆዳ ታስሯል። ትዕግስት ጆሮዋ ሥር ቆማ ዳቦ ታጎርሳታለች። አንበሳዋ ከፍ ካለው መቆሚያ ላይ ኦም ዳኒ በዘንግ የያዘውን ሥጋ እያየች ዘለለችና ዱዱ ጀርባ ላይ አረፈች። የዱዱ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንበሳዋ ከልጄ ራስ በላይ ናት። አላስቻለኝም። በስመ አብ ብዬ መርጫውን ወደ ትዕግስት አነጣጠርኩና ጸበሉን ረጨሁት።

ያ የመርጫ ድምፅ ለአንበሳዋ «ውረጂ» ማለት ኖሯል። ኦም ዳኒ መርጫውን ወገቡ ላይ የያዘው ለሷ ነበር።

ጆሮዋን አጥፋ ዘለለች። ስትነሳ የኋላ ጥፍሯ ከቆዳው አልፎ ዱዱን ጎኗ ላይ ቧጠጣት። ዱዱ ጮኻ ወደ ኋላ ስትል ትዕግስትን ጣለቻት፤ ልጄ እግሯ ሥር ወደቀች። ኦም ዳኒ አልሮጠም። ሥጋውን መውጫው ጋ ወረወረ፣ አንበሳዋ ተከትላ ወጣች፣ በሩን ዘጋ። የዱዱ እግር ግን ከልጄ ደረት በላይ እንደተነሳ ነው። ትዕግስት በጀርባዋ እንደተኛች «ዱዱ፣ ዱዱዬ» ትላት ጀመር። ልጅ ሆና ትኩሳት ሲይዛት እኔ የማወራት በዚያ ድምፅ ነበር። እግሩ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወረደ።

ኦም ዳኒ ማን ነው የረጨው አለ። ትዕግስት እየተነሳች፣ እኔ ስላላስጠነቀቅኳት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለችው። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። መርጫውን ዘረጋሁለት። መዳፉ ላይ ረጭቶ አሸተተው፤ ትዕግስት ምን እንደሆነ አስረዳችው። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ዱዱን አያት።

«እንግዲያ ለሷም ይድረሳት» አለ። «የደማችው እሷ ናት።»

መርጨቱን ፈራሁ። ወደ ውስጥ ገብቼ ክዳኑን ፈታሁና የቀረውን ትዕግስት መዳፍ ላይ አፈሰስኩት፤ እሷ ቁስሉን ስታጥብ ደሙ እጅጌዬን ነካው፤ እኔ ዳቦ ያዝኩ። ዱዱ ከእጄ አልወሰደችም። ከትዕግስት ወሰደች።

«ቤት እንሂድ ልጄ» አልኳት፣ ለዚያ ነበርና የመጣሁት።

«ከጭዱ እንደገና መጀመር አለብን» አለች። «ዛሬ ጥያት ከሄድኩ ማን ያረጋጋታል?» ፌስታሌን ይዤ ተነሳሁ። እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ፤ እያነከሰች።

ቤት

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ገባሁ። ሙሉ የምትባለው ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ባልዲ ይዛ አገኘችኝ። «እትዬ፣ የትዕግስት ቢሮ ተከፈተ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የዚያን ቀን ልጄን ለሞት ያቀረባት አንበሳዋ ሳትሆን የኔ ፍርሃት መሆኑን ነው። ስለዚህ ለሙሉ ነገርኳት፤ ስለ አንበሳዋም፣ ስለ ዱዱም፣ ስለ መርጫውም። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እጅጌዬ ላይ የደረቀውን የዱዱን ደም ሳሳያት ባልዲውን አስቀመጠች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ብለሽ ደበቅሽን?» አለችኝ።

ባልዲውን በአንድ በኩል ያዝኩላትና ደረጃውን አብረን ወጣን።